ካሜራ በሴቶች እጅ፦ የትምህርት ቪዲዮ ከየት ተነሥቶ እኛ ዘንድ ደረሰ?



በመጪው ጠቅላላ ጉባኤያችን ከሚቀርቡት አጀንዳዎች አንዱ ለአባላት ሥልጠና የሚሆኑ አጫጭር ቪዲዮዎችን ራሳችን እናዘጋጅ ወይስ ይቅር የሚለው ነው። እናዘጋጅ ከተባለም ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል የሚለው ይከተላል። ጉዳዩ ለእኛ ቀላል አይደለም። ከአባሎቻችን መካከል ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶች አሉ። በቁጠባ ደብተራቸው ላይ የተጻፈውን የሚያነብላቸው ሌላ ሰው ነው። የብድር ደንቡን፣ የወለዱን ስሌት፣ የምግብ ማቆያና የሳሙና አሠራር ትምህርቱን በወረቀት አባዝተን ብናድል እነሱ ዘንድ አይደርስም። በቪዲዮ ግን ይደርሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

እስካሁን የሰማነው ምክር በአብዛኛው ስለ ዕቃ ነው፤ ምን ዓይነት ካሜራ፣ ምን ዓይነት ኮምፒውተር፣ ስንት ብር። ከዕቃው በፊት ግን ታሪኩን ማየት ይጠቅመናል። እኛ ልንጀምረው ያሰብነውን ሥራ ሌሎች ሴቶች፣ ሌሎች ማኅበራትና ሌሎች አገሮች ከብዙ ዓመታት በፊት ሞክረውታል። የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም አሉ።

ታሪኩን ስናገላብጥ ደጋግሞ የሚታየው ነገር አንድ ነው። ባለፉት ስድስት ዐሥርት ዓመታት የካሜራው ዋጋም ክብደትም እየቀነሰ መጥቷል፤ የማስተማር ብቃቱ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ቪዲዮ ያስተማረው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ሲታቀድ የተማሪዎቹ ጥያቄ ይሰማል፤ በስክሪኑ ላይ እነሱን የመሰለ ሰው ይታያል፤ ሲታይም አስቁሞ የሚያወያይ ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል። ከእነዚህ አንዱ በጎደለበት ቦታ ውድ መሣሪያ ክፍተቱን አልሞላውም።

በዓሣ አጥማጆች ደሴት

ነገሩ የሚጀምረው ቪዲዮ በየሰው እጅ ሳይገባ፣ በፊልም ዘመን ነው። ፎጎ በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከኒውፋውንድላንድ አጠገብ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች ደሴት ናት። በ1960ዎቹ የአጥማጆቹ ኑሮ ተዳክሞ ነበር። መንግሥትም የሩቅ መንደሮችን ሕዝብ ወደ ሌላ ቦታ የማስፈር ፕሮግራም ይዞ ስለነበር ደሴቲቱ ባዶ እንዳትቀር ያሰጋ ነበር። የደሴቲቱ መንደሮች በሃይማኖት የተከፋፈሉ ስለነበሩ ቁጭ ብለው በአንድነት መምከር አልቻሉም።

እ.ኤ.አ. በ1967 የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ባልደረባ የሆነው ኮሊን ሎው ወደ ደሴቲቱ ሄደ። አብሮት የሠራው የሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ክፍል ሲሆን፣ ክፍሉን ይመራ የነበረው ዶናልድ ስኖደን ነበር። ከሃያ በላይ አጫጭር ፊልሞች ተሠሩ። በዚያን ጊዜ የተለመደው አሠራር አንድ ትልቅ ፊልም ሠርቶ የአንዱን ንግግር ከሌላው ጋር እየቀነጨቡ ማቀናበር ነበር። ሎው ይህን ተወው። የአንድ ሰው ቃል ተቆርጦ ከተቃዋሚው ቃል ጎን ሲቀመጥ አንዱ አሸናፊ፣ ሌላው ተሸናፊ መስሎ ይታያል፤ ሰዎቹም ይቀያየማሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊልም የአንድ ሰው ወይም የአንድ ጉዳይ ብቻ ሆነ።

ሁለተኛው አዲስ ነገር ደግሞ የተቀረጸው ሰው ፊልሙን ከሌሎች በፊት ራሱ ማየቱ ነበር። ያልወደደው ነገር ካለ እንዲወጣለት መጠየቅ ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ፊልሞቹ በየመንደሩ ታዩ። የአንዱ መንደር ሰው የሌላውን መንደር ሰው ችግር ሲሰማ ከራሱ ችግር ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ፊልሞቹ ለባለሥልጣናትም ታይተው መልስ ተሰጠባቸው። ደሴተኞቹ የዓሣ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ቀያቸውንም ሳይለቁ ቀሩ። ይህን ሁሉ ፊልም ብቻውን አደረገው አንልም፤ ከፊልሙ በፊትም ከፊልሙ በኋላም በመንደሮቹ እየተዘዋወረ ሕዝቡን የሚያወያይ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበር።

በአህመዳባድ ገበያ

በዚያው በ1967 አካባቢ የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ አንድ ሰው በትከሻው ሊሸከመው የሚችል የቪዲዮ መቅረጫ ገበያ ላይ አወጣ። ፊልም ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ እስኪታጠብ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር። ቪዲዮ ግን ተቀርጾ እዚያው ይታያል። የተቀረጸችው ሴት «እስቲ ልየው» ስትል በዚያው ሰዓት ማሳየት ተቻለ። ይህ ለትምህርት ሥራ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ለውጡን በሴቶች ማኅበር ውስጥ በደንብ የምናየው በህንድ ነው። በጉጃራት ግዛት በአህመዳባድ ከተማ ኤላ ባት እ.ኤ.አ. በ1972 «ሴዋ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ሴቶች ማኅበር መሠረቱ። አባላቱ አትክልት ቸርቻሪዎች፣ ሸክም ተሸካሚዎች፣ ቤታቸው ተቀምጠው የሚሰፉና ሲጋራ የሚጠቀልሉ ሴቶች ነበሩ። በ1974 የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ባንክ ከፈቱ። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ባንኩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህን ችግር ይዞ ነው የተነሣው።

በ1984 ማርታ ስቱዋርት የተባለች አሜሪካዊት የቪዲዮ ባለሙያ አህመዳባድ መጥታ ሃያ ለሚሆኑ የማኅበሩ ሴቶች ለሦስት ሳምንት ያህል ሥልጠና ሰጠች። ከሠልጣኞቹ መካከል ፊደል ያልቆጠሩም ነበሩበት። በማኔክ ቾክ ገበያ አትክልት ስትሸጥ የኖረች ሴት ካሜራ ይዛ የራሷን ገበያ፣ የጓደኞቿን ውሎና ከመሸጫ ቦታቸው የማፈናቀሉን ጣጣ ቀረጸች። የቀረጹት ሥራም ለአባላት ማስተማሪያ፣ ለአዲስ አባላት ማስተዋወቂያ፣ ለባለሥልጣናት ደግሞ ማስረጃ ሆነ። «ሴዋ ቪዲዮ» የሚባለው ክፍል የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ ካሜራ ለመያዝ ፊደል መቁጠር ግድ አለመሆኑ ነው። ገበያውን የሚያውቅ ዓይን፣ ሰዎቹ የሚያምኑት ፊትና ሥራው በየትኛው እርምጃ ላይ እንደሚከብድ የሚለይ ልምድ ይበልጥ ያስፈልጋል። እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ በቂ መሞቁን እንዴት እንደምታውቅ ከተማ የመጣ ባለሙያ አይጠይቅም፤ ሠርታው የምታውቅ ሴት ግን ካሜራዋን የምታዞረው ወደዚያ ነው።

ከካሴት ወደ ዲጂታል

በካሴት ዘመን ትልቁ መከራ ቅንብሩ፣ ማለትም ኤዲቲንጉ ነበር። ሁለት መቅረጫዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው የሚፈለገው ቁራጭ በቅደም ተከተል ይገለበጣል። መካከል ላይ አንድ ምስል ረስተሽ ከሆነ ከዚያ ነጥብ ጀምሮ ያለውን እንደገና መሥራት ነው። በተገለበጠ ቁጥርም ምስሉ ይደበዝዛል። የማቀናበሪያ መሣሪያ ያልነበራቸው ሰዎች ደግሞ መጨረሻ ላይ በሚታይበት ቅደም ተከተል አስተካክለው ይቀርጹ ነበር። ለዚህም ከመቅረጻቸው በፊት እያንዳንዱን እርምጃ ተወያይተው፣ አንዳንዴም በሥዕል አስቀምጠው መሄድ ነበረባቸው። ችግሩ ራሱ ማቀድን አስተማራቸው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1995 «ዲቪ» የተባለው የዲጂታል ቪዲዮ አሠራር ብቅ አለ። ምስሉና ድምፁ በቁጥር ተለውጦ በትንሽ ካሴት ላይ ይቀመጣል፤ በአንድ ገመድም ወደ ኮምፒውተር ይገባል። አንድ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ አይደበዝዝም። ሆኖም የአንድ ሰዓት ቀረጻ 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። የዚያን ጊዜ የቤት ኮምፒውተር ይህን የሚሸከም ማኅደር አልነበረውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ማኅደሩ ሰፋ፣ ዋጋውም ቀነሰ። በ1999 አፕል፣ በ2000 ደግሞ ማይክሮሶፍት ማንም ተራ ሰው ሊሠራበት የሚችል የማቀናበሪያ ፕሮግራም ከኮምፒውተሮቻቸው ጋር ማቅረብ ጀመሩ። ዛሬ ያ ሁሉ መሣሪያ በአንድ ስልክ ውስጥ ገብቷል።

ዲጂታል የሰጠንን ያህል የወሰደብንም አለ። አንደኛ፣ ካሴት ውድ በነበረበት ጊዜ ሰው አስቦ ይቀርጽ ነበር፤ አሁን ግን ሦስት ሰዓት ቀርጾ አምስት ደቂቃ መፈለግ የተለመደ ሆኗል። ያን ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ገንዘብ ነው። ሁለተኛ፣ ካሴት በመደርደሪያ ላይ ዓመታት ይቀመጥ ነበር፤ የማስታወሻ ካርድ ግን ለሚቀጥለው ቀረጻ ተብሎ በአንድ ጣት ይጠፋል። ሦስተኛውና ከባዱ የሚመጣው ከስርጭቱ ነው። በፎጎ ያለችው ሴት ቃሏን ልታስወጣ ትችል ነበር፤ ፊልሙ ያለው በአዘጋጆቹ እጅ ብቻ ነውና። በቴሌግራም የተላከ ቪዲዮ ግን አንዴ ከወጣ መልሶ የሚሰበስበው የለም። ስለዚህ ሴትየዋ አይታ መስማማት ያለባት ከመለቀቁ በፊት ነው፤ ይህ ደንብ በ1967 ከነበረው ይልቅ ዛሬ የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል።

በአገራችን

ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ሥርጭት ተከተለው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ግን በ1997 ዓ.ም. የጀመረውን «ፕላዝማ» ነው። በዚያ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ ትልቅ ስክሪን ተተክሎላቸው ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሌሎችም ትምህርቶች በሳተላይት ይሰጡ ጀመር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ላቦራቶሪ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪ በከተማ ያለው ተማሪ የሚያየውን ሙከራ እንዲያይ ማድረግ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ፍጥነቱም ብዙ ተማሪዎች ሊከተሉት የሚችሉት አልነበረም። ከሁሉም በላይ በተወሰነ ሰዓት በሳተላይት የሚመጣ ስለነበር አይቆምም። ተማሪው «አልገባኝም» ቢል መምህሩ ስክሪኑን አስቁሞ ሊያስረዳው አይችልም። ለመምህሩ የቀሩለት ከሥርጭቱ በፊትና በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። በጉዳዩ ላይ ጥናት ያደረጉ የትምህርት ባለሙያዎችም ደጋግመው ያነሡት ይህንኑ ነው። የመሣሪያው ጥራት ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ አስቁሞ የሚያወያየው ሰው ሥልጣን አልነበረውም።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ሌላ ዓይነት ሥራ ተጀመረ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤታቸው ጋር በመኖሪያ ቤታቸው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት ፕሮግራም ማዘጋጀት ጀመሩ። ፀሐይ የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ፕሮግራሙ በአማርኛ ስለ ፊደል፣ ስለ ጤና፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ መልካም ጠባይ ያስተምራል። በቀጣዩ ዓመት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በ2008 በዓለም አቀፉ የጃፓን የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ውድድር ተሸለመ። በ2010 ደግሞ ወይዘሮ ብሩክታዊት የሮሌክስ የወጣቶች ሽልማት አገኙ።

በገንዘብ ረገድ በአንድ ቤት ውስጥ የተጀመረው ሥራ ከፕላዝማው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ዲጂታል ካሜራና የቤት ኮምፒውተር ባይኖሩ ኖሮ ፈጽሞ ባልተጀመረም። ይሁንና ለየት ያደረገው አዘጋጅዋ ከተማሪዎቿ ጋር ክፍል ውስጥ የኖረች መምህርት መሆኗ ነው። የአምስት ዓመት ሕፃን ምን እንደሚያስቀው፣ የት ላይ እንደሚሰለች፣ በየትኛው ቃል እንደሚደናገር ካሜራውን ከመክፈቷ በፊት ታውቅ ነበር።

የቤኒን ሩዝ ቀቃዮች

ከአገራችን ወጥተን ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንሻገር፤ እዚያ የተደረገ አንድ ጥናት የእኛን ጥያቄ በቀጥታ ይነካልና። በማዕከላዊ ቤኒን የሚኖሩ የገጠር ሴቶች ሩዙን ከመፈተጉ በፊት ዘፍዝፈው በእንፋሎት ቀቅለው፣ አድርቀው ይሸጣሉ። ሩዙ መሬት ላይ ከተሰጣ ጠጠርና አፈር ስለሚገባበት ዋጋው ይወርዳል። የአፍሪካ ሩዝ ማዕከል ከሴቶቹ ጋር ሆኖ የተሻለውን አሠራር የሚያሳይ ቪዲዮ አዘጋጀ። በቪዲዮው ላይ የሚሠሩትም የሚናገሩትም ራሳቸው ሩዝ ቀቃዮቹ ነበሩ። ቪዲዮው በየመንደሩ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ታየ።

ኤስፔራንስ ዞሱ፣ ፖል ቫን ሜሌና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2007 እና በ2008 ይህን ከተለመደው የአዳራሽ ሥልጠና ጋር አነጻጸሩት። ቪዲዮው 74 በመቶ ለሚሆኑት ሴቶች ሲደርስ የአዳራሹ ሥልጠና የደረሰው 27 በመቶ ለሚሆኑት ብቻ ነበር። ምክንያቱን ማናችንም አናጣውም። ለሥልጠና የሚመረጡት ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂቶች ናቸው፤ የውሎ አበል ስላለበት ዕድሉ ከእጃቸው አይወጣም። በአደባባይ የሚታይ ቪዲዮ ግን መራጭም ተመራጭም የለውም። ቪዲዮውን ካዩት ሴቶች ከ95 በመቶ በላይ ሩዛቸውን በሸራ ላይ ማድረቅና ሲያገላብጡ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ካላዩት መካከል እንዲህ ያደረጉት ግማሽ ያህሉ ነበሩ።

ይህን ስናነብ የራሳችንን ማኅበር እናስብ። ለሥልጠና ወደ ከተማ የምትላከው ማናት? ተመልሳ የምታስተምረውስ ስንቱን ነው? ቪዲዮ ለእኛ የሚጠቅመን ዘመናዊ ስለሆነ ሳይሆን ይህን አሮጌ ጥያቄ ስለሚነካ ነው።

«ይህቺ ሴት የየት መንደር ናት?»

የራስ አገዝ ቡድን አሠራር ራሱ ከህንድ ልምድ የተቀሰመ እንደሆነ አባሎቻችን ያውቃሉ። በቪዲዮም ረገድ አንድ ትልቅ ልምድ ከዚያው መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በባንጋሎር ከተማ በማይክሮሶፍት የምርምር ተቋም ውስጥ ሪኪን ጋንዲና ባልደረቦቹ «ዲጂታል ግሪን» የተባለውን ሥራ ጀመሩ። በርካሽ ካሜራ የአካባቢው ገበሬ በራሱ ማሳ ላይ ሲሠራ ይቀረጻል። ቪዲዮው ከ10 ደቂቃ የሚበልጥ አይደለም። ማታ ላይ ጥቂት ጎረቤታሞች ተሰብስበው ያዩታል። ከመንደሩ የተመረጠ አወያይ በየመካከሉ እያቆመ ይጠይቃል፣ ያወያያል፤ በኋላም ማን ምን ተግባራዊ እንዳደረገ ይመዘግባል። በካርናታካ ግዛት በ16 መንደሮች ለ13 ወራት በተደረገ ሙከራ አንዳንድ የአሠራር ዘዴዎችን የተቀበሉት ሰዎች ቁጥር ከተለመደው የግብርና ኤክስቴንሽን ጋር ሲነጻጸር ሰባት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ሥራ ውስጥ በተለይ የታዘቡት ነገር የተመልካቹን የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ስለ ዘሩ ወይም ስለ ማዳበሪያው ከመጠየቁ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ስሙ ማን እንደሆነና የየት መንደር ሰው እንደሆነ ይጠይቃል። ሰውየው እንደ እሱ ያለ፣ መሬቱም እንደ እሱ መሬት ያለ ከሆነ ያምነዋል። ካልሆነ ግን «እሱማ ገንዘብ አለው» ብሎ ያልፈዋል። በኋላም ሥራው በቢሃርና በሌሎች ግዛቶች በሴቶች የራስ አገዝ ቡድኖች በኩል ተስፋፋ። ቡድኖቹ አስቀድሞም በየሳምንቱ ይሰበሰቡ ስለነበር ለማየትም ለመወያየትም ምቹ ነበሩ።

ይኸው አሠራር ወደ አገራችን መጥቶ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በትብብር በተለያዩ ክልሎች ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ላይ ሰፋ ያለ የንጽጽር ጥናት ተጀምሮ ነበር። ውጤቱ እንደሚያሳየው በቪዲዮ የታገዘው ኤክስቴንሽን ከተለመደው ይልቅ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ፤ ዕውቀትንና የተግባር ሥራንም ጨመረ። በአንዳንድ ቀበሌዎች ባል ብቻ ሳይሆን ሚስትም እንድትጋበዝ ተደርጎ ነበር። በእነዚያ ቀበሌዎች የሚስቶች ተሳትፎና ዕውቀት ከፍ ብሏል። ነገር ግን ሚስቶች በመጋበዛቸው በማሳው ላይ የተሠራው ሥራ እንደጨመረ በግልጽ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም።

ይህን የመጨረሻውን ነገር አባሎቻችንም ደጋፊዎቻችንም ልብ እንዲሉት እንፈልጋለን። አንዲት ሴት ማወቋ ብቻውን መሥራት እንድትችል አያደርጋትም። ያወቀችውን ለመሥራት የራሷ ገንዘብ፣ በቤቷ ውስጥ የሚሰማ ቃል፣ አብረዋት የሚቆሙ ጓደኞች ያስፈልጓታል። እነዚህን የሚሰጠው ቁጠባችን፣ ብድራችንና ሳምንታዊ ስብሰባችን ነው። ቪዲዮ የእነዚህ ረዳት ነው እንጂ ምትክ አይሆንም።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

ታሪኩን ካየን በኋላ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

ዕቅዱ ከቡድኖቹ ይነሣ። በየሳምንታዊው ስብሰባ «ያልገባን ነገር ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቅና ይመዝገብ። ብዙ ቡድኖች የጠየቁት ይቅደም። አንድ ቪዲዮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ፤ ከ8 ደቂቃም አይብለጥ። ብድር ስለመውሰድና ብድር ስለመመለስ በአንድ ላይ ከማስተማር ሁለት አጫጭር ቪዲዮዎች ይሻላሉ። ከቀረጻ በፊት እርምጃዎቹ አንድ በአንድ ይነገሩ፤ መጻፍ የማትችል አባል በሥዕል ታስቀምጣቸው።

ቀረጻው በአባል ቤት፣ በአባል ዕቃ ይሁን። ተመልካቿ የሌላት ዕቃ በስክሪኑ ላይ ከታየ ትምህርቱ ለሌላ ሰው እንደሆነ ትቆጥረዋለች። የምትሠራዋ እጅ ከቅርብ ይታይ። ስልኩ በእጅ ከሚያዝ በስታንድ ላይ ይቁም። ሰው መስኮት ወይም በር ጀርባው ላይ አድርጎ ከተቀረጸ ፊቱ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ከፊት ይምጣ። ለድምፅ ከምስሉ የበለጠ ይታሰብለት፤ የደበዘዘ ምስል ይታገሡታል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አያስተምርም። ርካሽ የአንገትጌ ማይክራፎን ውድ ካሜራ ከመግዛት ይቀድማል።

ቅንብሩ በሁለት ደረጃ ይሁን። መጀመሪያ ያልተጠናቀቀው ሥራ ለተቀረጸችው አባልና ለአንድ ቡድን ይታይ። የት ላይ እንደተሰለቹ፣ የት ላይ እርስ በርስ እንደተጠያየቁ ይታወቅ። ከዚያ ይስተካከል። የተቀረጸችው አባል «ይህ ይውጣ» ካለች ያለ ክርክር ይውጣ። ስለ ቤቷ፣ ስለ ባሏ ወይም ስለ ዕዳዋ የተናገረችው ነገር በሌላ ሰው ስልክ ላይ ቢገኝ ምን እንደሚደርስባት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የተጠናቀቀው ሥራ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ።

ሲታይ አወያይ ትኑር። በእያንዳንዱ ቪዲዮ ውስጥ የሚቆምበት ቦታ አስቀድሞ ይወሰን፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በቂ ነው። አወያይዋ «እናንተ ቤት እንዴት ነው የምታደርጉት?» ብላ ትጠይቅ። ከወር በኋላ ተመልሳ ማን እንደሞከረችው፣ ያልሞከረችውስ ምን እንደከለከላት ትመዝግብ።

የበጀቱም ጉዳይ ከዚህ ይከተላል። አብዛኛው ገንዘብ ለአወያዮች ሥልጠናና መጓጓዣ፣ ለሚቀርጹና ለሚያቀናብሩ አባላት ለጠፋባቸው የሥራ ቀን ማካካሻ እንዲውል እናሳስባለን። ለዕቃ የሚሆነው ጥሩ ስልክ፣ ስታንድ፣ ማይክራፎንና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ነው። ሌላው እየቆየ የሚታይ ይሆናል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለን። በሪፖርታችን ላይ ስንት ቪዲዮ እንደተሠራና ስንት ሰው እንዳየው ብቻ አትጠይቁን። የቁጠባ ደብተሯን የሰው እርዳታ ሳትሻ ማመሳከር የቻለች አባል ስንት እንደሆነች ጠይቁን። ይህን መልስ ለማግኘት ከቤት ወደ ቤት መሄድ ይጠይቃል፣ ጊዜም ይወስዳል፤ ለዚያም ጊዜ ድጋፋችሁን እንሻለን።

የቡድን መሪዎች ከጉባኤው በፊት ባሉት ስብሰባዎች የአባላትን ጥያቄዎች ሰብስባችሁ ለጽሕፈት ቤቱ እንድታደርሱ በአክብሮት እንጠይቃለን። ማንበብ የምትችሉ አባላትም ይህን ጽሑፍ በቡድናችሁ ውስጥ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ የማትስማሙበት ነገር ካለ በጉባኤው ላይ ተነሥታችሁ ተናገሩ።